ልብስ ሰፊው ያወቀው፣ ሚዛኑ ያላየው

የጠበበኝን ሱሪ ወገቡን ላስለቅቅ የሄድኩበት ልብስ ሰፊ ሜትሩን ጠምጥሞብኝ «ዘጠና ዘጠኝ! ተመችቶዎታል ጋሼ» አለኝ። ከሳምንት በፊት ደግሞ አንድ ክሊኒክ ሚዛን ላይ አውጥተውኝ፣ ግፊቴን ለክተው፣ «ክብደትዎ ከቁመትዎ ጋር ይሄዳል» ብለው በሰላም አሰናብተውኝ ነበር። እዚያ ወገቤን የለካ አልነበረም። ሁለቱም ደስ አሰኝተውኛል፤ የሚያስፈራውን ቁጥር የነገረኝ ግን ልብስ ሰፊው ነው።

እኛ ዘንድ ቦርጭ የድሎት ምልክት ነው። የከሳን ሰው «ምን ነካህ?» እንላለን፤ ሆዱ የገፋውን «አምሮብሃል»። ብዙው ቦርጫም እጅና እግሩ ቀጭን ስለሆነ ደግሞ ራሱን ከወፍራም አይቆጥርም። ሚዛኑም አያጋልጠውም፤ ክብደትን ከቁመት የሚያገናዝበው ስሌት ስቡ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። ዳሌና ታፋ ላይ ያለ ስብ በአመዛኙ አርፎ ይቀመጣል። ሆድ ውስጥ አንጀትን ከቦ የሚከማቸው ግን ሥራ ፈት አይደለም። ቅባቱን በቀጥታ ወደ ጉበት ይልካል፤ ኢንሱሊን ጉልበት እንዲያጣ ያደርጋል፤ ስኳርና ግፊት ይጨምራል፤ የደም ሥርን ግድግዳ እያስቆጣ ያሳምማል። የታመመው ሥር አንድ ቀን አንጎል ውስጥ ይደፈናል ወይም ይፈነዳል፤ ስትሮክ የምንለው ይኸው ነው። ያኔ ጎረቤት «ደህና አምሽቶ ነበር እኮ» ይላል።

ኢንተርስትሮክ የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2010 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ሲወጣ ከ22 አገሮች 3000 ስትሮክ የመታቸውንና 3000 ያልመታቸውን ሰዎች አነጻጽሯል፤ ሱዳንና ኡጋንዳም ነበሩበት። ወገባቸው ከዳሌያቸው አንጻር ሰፊ የሆነው ሲሶ ሰዎች ከጠባቦቹ ሲሶ ጋር ሲተያዩ፣ በስትሮክ የመመታት ዕድላቸው 65 በመቶ ያህል በልጦ ተገኘ። ክብደትን ከቁመት የሚያገናዝበው ስሌት ግን ከስትሮክ ጋር ዝምድና አላሳየም። እንግዲህ ክሊኒኩ አስልቶ ያጽናናኝ በዚህኛው ነው።

ግፊት ዋናው ጠላት መሆኑን አልክድም፤ በዚያው ጥናትም አንደኛ ነው። እሱን መለካታቸው ይበል የሚያሰኝ ነው። ግን ከግፊቱ ጀርባ ብዙ ጊዜ ማን እንደቆመ ለማወቅ የሚያስፈልገው አንድ የልብስ ሰፊ ሜትር ነው። ለወገብ የተለመደው የስጋት መነሻ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሳንቲ ሜትር ነው። በቀበቶ ቦታ መለካት ራስን ማታለል ይሆናል፤ የቦርጫም ቀበቶ ከቦርጩ ሥር ነዋ የሚያርፈው። ሜትሩ በታችኛው የጎድን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ፣ ሆድ ሳይሸሸግ ይዞራል። ቤቴ ገብቼ እንደዚያ ስለካ 103 ሆንኩ። ልብስ ሰፊውም አድልቶልኝ ኖሯል።

አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ ሰፋፊ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ዘርግታለች፤ አመሻሽ ላይ ሰው ወክ ሲያደርግበት ማየት ደስ ይላል። ለመራመጃው ይህን ያህል ወጪ ከወጣ፣ ማን አብዝቶ መራመድ እንዳለበት የሚነግረው ሜትር ከየምርመራ ክፍሉ መጥፋቱ ይገርመኛል። የምርመራ ካርዴ ላይ ክብደት፣ ቁመት፣ ግፊት የሚሉ መስመሮች አሉ። «ወገብ» የሚል አራተኛ መስመር ማተም ስንት ቀለም ይፈጃል?

ዘሰንጋ ተራ