እግር የሚያነበው ቢጫ መስመር

በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በደረሰባቸው ጎዳናዎች፣ በእግረኛው መንገድ ላይ ረጅም ቢጫ ንጣፍ ተዘርግቷል። ጎንበስ ብሎ ላየው ጎን ለጎን የሚሄዱ ሸንተረሮች፣ በመሃላቸውም ቀጫጭን ቦዮች አሉት። መታጠፊያና ማቋረጫ ላይ ሸንተረሩ ቀርቶ ክብ ክብ ጉብታ ይተካዋል። ለጌጥ የተደረገ የሚመስለው ሰው ዛሬም ብዙ ነው።

ነገሩን የፈለሰፈው ሴይቺ ሚያኬ የተባለ ጃፓናዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሠራው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም በኦካያማ ከተማ፣ በዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አቅራቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ ተነጠፈ። ሸንተረሩ «ቀጥል» ይላል፤ ጉብታው «ቁም፣ ተጠንቀቅ»። ከፍታው ግማሽ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ግን በጫማ ሶልም በነጭ በትር ጫፍም ይለያል። ቢጫ የሆነውም ጥቂት ማየት ለሚችሉ ጎልቶ እንዲታያቸው ነው።

በቅርቡ አንድ ጎልማሳ በትሩን በሸንተረሩ ላይ እያንሸራተተ ሲመጣ አየሁ። እርምጃው ፈጣን ነው፤ ማንንም አይጠይቅም። ልክ መስመሩ ላይ ሞተር ሳይክል ቆሟል። በትሩ ጎማውን ሲነካ ቆመ፤ መሪውን በእጁ ዳሰሰ፤ ዞሮ ሊያልፍ ሲል መስመሩ ጠፋበት። ሶፍትና ማስቲካ የምትሸጥ ልጅ «ጋሼ፣ ወደ ግራዎ ነው» ብላ ክንዱን ያዘችው። እግዜር ይስጣት። ግን እኮ ያ ሁሉ ንጣፍ የተነጠፈው ሰውየው የሰው ክንድ ሳይጠብቅ እንዲሄድ ነበር።

ሞተሩስ ባለቤቱ ሲመጣ ይነሣል። የባሰው ቁፋሮው ነው። ኬብል ሊቀበር መንገዱ ይከፈትና ሲዘጋ በሸንተረሩ ቦታ ልሙጥ ታይል ይገባል። ለሚያይ ሰው ሁለት ክንድ የማትሞላ ጥገና ናት፤ በእግሩ ለሚያነብ ግን መንገዱ እዚያ ጋ ያበቃል። ክረምት ላይ ደግሞ ቦዩ በጭቃ ይደፈንና ሸንተረሩ ከልሙጡ አይለይም። ለዚህ መጥረጊያ ብቻ በቂ ነበር።

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ ከሌሎች እኩል በመንገድ መጠቀም መብት መሆኑ በአንቀጽ 9 ተጽፏል። እንግዲህ ቁፋሮ የሚፈቅደው ክፍል የተነሣው ሸንተረር በቦታው መመለሱን ሳያይ ሥራውን ባይረከብ ምን አለበት? ርክክቡ ላይም በትር ይዞ የሚሄድበት ሰው ይጠራ። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው ያለው።