የ10,000 ሜትር ውድድር ባለቤት ያስፈልገዋል

ኢትዮጵያ እስከ 2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ድረስ 24 የወርቅ ሜዳሊያዎችን አግኝታለች (በዚህ ጽሑፍ የስፖርቱ ዘመናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ተሰጥተዋል)። ከ24ቱ 11ዱ የተገኙት በአንድ የውድድር ዓይነት፣ በ10,000 ሜትር ነው። ምሩፅ ይፍጠር በሞስኮ፣ ደራርቱ ቱሉ በባርሴሎናና በሲድኒ፣ ኃይሌ ገብረሥላሴ በአትላንታና በሲድኒ፣ ቀነኒሳ በቀለ በአቴንስና በቤጂንግ፣ ጥሩነሽ ዲባባ በቤጂንግና በለንደን፣ አልማዝ አያና በሪዮ፣ ሰለሞን ባረጋ በቶኪዮ አሸንፈውበታል። ስማችንን ለዓለም ያስተዋወቀው ማራቶን እንኳ ያስገኘልን ወርቅ 7 ነው፤ የቀሩት 6 የ5,000 ሜትር ናቸው። ስለዚህ የ10,000 ሜትር የመም ውድድር ወደፊት ይኖራል ወይስ አይኖርም የሚለው ጥያቄ ከማንም አገር ይልቅ እኛን ይመለከታል።

ጥያቄው ያለ ምክንያት የተነሣ አይደለም። 25 ዙር የሚፈጀው ይህ ሩጫ በኦሊምፒክ መም ላይ የሚደረግ ረጅሙ ሩጫ ነው። ለወንዶች ከ1912 ጀምሮ፣ ለሴቶች ደግሞ ገና ከ1988 ጀምሮ ይካሄዳል። ከታላላቅ ሻምፒዮናዎች ውጭ ግን ማረፊያ አጥቷል። በ2010 የተጀመረው ዳይመንድ ሊግ ነጥብ ከሚያሰጡ ውድድሮቹ ውስጥ አላካተተውም። እንዲያውም በ2019 መገባደጃ ላይ የሊጉ አዘጋጆች የቴሌቪዥን ስርጭቱን በ90 ደቂቃ ለመወሰን ሲሉ ለ2020 ረጅሙን ሩጫ 3,000 ሜትር ለማድረግ ወስነው ነበር። 5,000 ሜትር በኋላ ቢመለስም 10,000 ሜትር የሚመለስበት ቦታ እንኳ አልነበረውም። ጥሩ ሯጭ ደግሞ በአንድ ወቅት ሁለትና ሦስት ጊዜ ብቻ የሚያገኘውን ርቀት ትቶ ክፍያ ወዳለበት የጎዳና ሩጫ ቢሄድ የሚወቀስ አይመስለኝም።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው፤ ርቀቱ ረዝሟል፣ ተመልካች ይሰለቻል ይባላል። ይህ ምክንያት እኔን አያሳምነኝም።

የፓሪሱን የወንዶች ፍጻሜ የተመለከትሁት በእንጅባራ፣ በተከራየሁበት ግቢ፣ ከአከራዬና ከቤተሰባቸው ጋር ነበር። ሰዓቱ ከምሽቱ 4 ሰዓት አልፏል። በአሥረኛው ዙር ገደማ ልጆቹ «ገና ነው?» ማለት ጀምረው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሻይ ፍለጋ ተነሥቻለሁ። ሦስቱ ኢትዮጵያውያን፣ በሪሁ አረጋዊ፣ ዮሚፍ ቀጀልቻና ሰለሞን ባረጋ፣ መሪነቱን እየተቀባበሉ ፍጥነቱን ሲያከሩት ግን የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ኡጋንዳዊው ጆሹዋ ቼፕቴጌ በ26:43.14 አሸነፈ፤ በሪሁ በ26:43.44 ሁለተኛ ወጣ፤ አሜሪካዊው ግራንት ፊሸር በ26:43.46 ሦስተኛ ሆነ። ከ26 ደቂቃ በላይ ሮጠው በወርቅና በነሐስ መካከል የቀረው ልዩነት 32 መቶኛ ሰከንድ ነው። ከዚህ የጠበበም አለ፤ በሲድኒ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ9 መቶኛ ሰከንድ ነበር። መጨረሻው እንዲህ የሚያስጨንቀው የቀደሙት 24 ዙሮች ስለነበሩ ነው። ተመልካቹ የሯጩን ድካም ደረጃ በደረጃ ሲያጠራቅም ቆይቶ በደወሉ ጊዜ ከእርሱ ጋር ይከፍለዋል። ይህን በ100 ሜትር ማግኘት አይቻልም።

ተመሳሳይ ክርክር በሌላ ስፖርት ውስጥ ከእኛ ቀድሞ ተካሂዷል። ክሪኬት በአገራችን እምብዛም ባይታወቅም ረጅሙ ዓይነቱ፣ ቴስት የሚባለው፣ አንድ ጨዋታ እስከ አምስት ቀን የሚፈጅበት ነው፤ ከ1877 ጀምሮ ይካሄዳል። በ2003 እንግሊዞች በአንድ ምሽት የሚያልቀውን አጭሩን ዓይነት ከጀመሩ፣ በ2008 ደግሞ የህንድ ሊግ በዚሁ ከተመሠረተ ወዲህ ገንዘቡ ወደ አጭሩ ጎረፈ፤ ረጅሙ ይሞታል የሚል ትንቢትም በዛ። ነገር ግን በ2025 ክረምት ህንድና እንግሊዝ አምስት ቴስት ሲጫወቱ አምስቱም እስከ አምስተኛው ቀን ዘልቀዋል፤ የመጨረሻው በለንደን የተለየው በ6 ሩጫ ብቻ ነበር። ረጅሙ ክሪኬት በህንድ፣ በእንግሊዝና በአውስትራሊያ የጸናው እነዚህ አገሮች በየሜዳቸው፣ በታወቀ ወቅት፣ በራሳቸው ሕዝብ ፊት ስለሚጫወቱት ነው። አቅም የሌላቸው ቦርዶች ግን ሁለት ጨዋታ ብቻ ይዘው ይለያያሉ። የርዝመቱ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ በሁሉም ዘንድ እኩል በተዳከመ ነበር።

አጭር መሆን ብቻውንም አያድንም። በ2025 በአሜሪካዊው ማይክል ጆንሰን የተጀመረው ግራንድ ስላም ትራክ ከ5,000 ሜትር በላይ ሩጫ አልነበረውም፤ በፊላደልፊያ ያንንም ቀነሰ። የሎስ አንጀለሱን አራተኛ ውድድር ግን በገንዘብ እጦት ሰረዘ።

እኛስ? በ2021 ለቶኪዮ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን የ10,000 ሜትር ተወካዮች የለየው ማጣሪያ የተካሄደው በኔዘርላንድስ፣ በሄንግሎ ነው። ለተሰንበት ግደይ ሲፋን ሐሰን ከሁለት ቀን በፊት በዚያው መም ያስመዘገበችውን ክብረ ወሰን በ29:01.03 ያሻሻለችው በዚህ ማጣሪያ ነበር። ለፓሪስም ሯጮቻችን የተለዩት በስፔን፣ በኔርሃ ነው። ይህ ማለት በታሪካችን ከፍተኛውን ወርቅ ያስገኘልንን ርቀት፣ ከሁሉ የበለጠ ፉክክር ያለበትን የአገር ውስጥ ውድድራችንን፣ የምናካሂደው ኢትዮጵያዊ ተመልካች በሌለበት ነው። ከዚያ በኋላ ተመልካች የለውም ብንል ማንን እንወቅሳለን?

ለዚህ አሠራር የሚቀርበው መልስ ቀላል የሚባል አይደለም። ለፓሪስ የተቀመጠው ሚኒማ ለወንዶች 27:00.00፣ ለሴቶች 30:40.00 ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ትገኛለች፤ እንጅባራማ ከ2,500 ሜትር ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ ኦክስጅኑ ስለሚሳሳ ሯጭን የሚያጠነክረው አየር ሰዓቱን ያበላሽበታል። ሚኒማ ለማሟላት ወደ ቆላ መውረድ ግድ ነው። ይህን እቀበላለሁ። የማልቀበለው ሰዓት ማስመዝገብና አሸናፊን መለየት አንድ ነገር ተደርገው መወሰዳቸውን ነው። ሰዓቱ በውጭ ሊገኝ ይችላል። ማን ከማን እንደሚበልጥ ግን በከፍታም ላይ ይታያል፤ ሁሉም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነውና። ዓመታዊው የኢትዮጵያ አትሌቲክስ ሻምፒዮናም ርቀቱን ያካሂዳል፤ ሆኖም ተወካይ የሚመረጠው በሌላ ቦታ መሆኑን ሁሉም ስለሚያውቅ ክብደቱ ይቀንሳል።

የረጅም ነገር ዕድሜ በምን እንደሚጸና ለማየት ከአዊ ዞን መውጣት አያስፈልግም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከተመሠረተበት ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) ዘልቋል። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በሚከበረው በዓል ላይ ጉግሱንና ግልቢያውን ለማየት የሚወጣው ሕዝብ ስለ ርዝመቱ ሲያጉረመርም አልሰማሁም፤ በዓሉ ግን ቀኑን ሙሉ ይውላል። ማኅበሩ ፈረስ ከመጋለብ በላይ ነው። አባላቱ በሐዘን ጊዜ ይረዳዳሉ፣ የተጣላን ያስታርቃሉ፣ ለአድዋ የዘመቱ ፈረሰኞችን መታሰቢያም ይጠብቃሉ። ፈረሱ ለእርሻና ለጉዞ የሚሰጠው ጥቅም ቢቀንስም ትርዒቱ ያልጠፋው ቀን፣ ቦታና ባለቤት ስላለው ይመስለኛል። የሩጫና የፈረስ ነገር በሁሉም አይመሳሰሉም፤ በዚህ አንድ ነጥብ ግን ይገናኛሉ።

በለንደንም አንድ የሯጮች ክበብ ይህንኑ ፈትኖታል። ሃይጌት ሃሪየርስ የተባለው ክበብ ከ2013 ጀምሮ በፓርላማ ሂል መም ላይ ለ10,000 ሜትር ብቻ የሚሆን ምሽት አዘጋጀ። ተመልካቹን ከሯጩ አጠገብ እስከ መሙ ድረስ አስገባው። ሙዚቃና ምግብ ጨመረበት። ሩጫውን ግን አንድ ዙር እንኳ አላሳጠረም። በኦሊምፒክ 10,000 ሜትር አንድም ወርቅ ከሞ ፋራህ በፊት ያላገኘች አገር ክበብ ይህን ካደረገ፣ 11 ያለን እኛ የምናቀርበው ሰበብ ምንድን ነው?

የማቀርበው ሐሳብ ውስን ነው። በየዓመቱ በማይለወጥ አንድ ቀን፣ በአገር ውስጥ፣ የ10,000 ሜትር ብቻ የሆነ ውድድር ይኑር፤ ሚኒማ ያሟሉ ሯጮች ካሉ ከሦስቱ ተወካዮች ቢያንስ አንዱ እዚያ በሚገኝ ደረጃ ይመረጥ። አንድ ቦታ ብቻ ቢሰጠው እንኳ ታላላቆቹ ሯጮች እንዲመጡ ያስገድዳል፤ እነርሱ ከመጡ ሕዝቡ ይመጣል። ርቀቱን ሕዝቡ እንደሚወድደው ከ2001 ጀምሮ በየዓመቱ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች የሚካሄደው የ10 ኪሎ ሜትር ታላቁ ሩጫ ያሳያል። ለአሠልጣኞች የወቅቱ መርሐ ግብር እንደሚጠብባቸው አውቃለሁ፤ ሆኖም ወደ አውሮፓ ለሚደረገው ጉዞ የሚወጣው ጊዜም ከዚያው መርሐ ግብር የሚቀነስ ነው።

በዚያ ምሽት ውድድሩ ካለቀ በኋላ፣ ራሳቸውም የፈረሰኞች ማኅበር አባል የሆኑት አከራዬ «ልጄ፣ ይኸ ሩጫ እዚህ የሚደረገው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እንደማይደረግ ነገርኋቸው። ስለ ሐሳቤ ሳጫውታቸውም ጥቂት ዝም ብለው «መልካም ነው፤ ብቻ ጥር 23 አይሁን» አሉኝ።