ፈታኝ የሌለው ሹመት

በዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቤት ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል፤ ቢሳሳትም ይታረማል። የሕዝብ አደራ የተቀበለ ሹም ግን በማን ፊት ይታረማል?

አራሚ ማጣት የሚያስከትለውን መከራ ጎጃም አይቶታል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲወጣ ምሬቱ በግብሩ ብቻ ሳይሆን በገማቾችና በሹማምንት በደል ጭምር ነበር። ገበሬው አቤት ብሎ ሰሚ ቢያጣ በቢቸና፣ በሞጣና በደጋ ዳሞት ጠመንጃ አነሣ። ጠቅላይ ገዥው የተነሡት፣ ውዝፉ ግብርም የተሰረዘው ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው።

እንባ ጠባቂ በ1992፣ የፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. በዐዋጅ ተቋቁመዋል፤ መልካም ነው። ነገር ግን መሥሪያ ቤት በገዛ ሪፖርቱ ከተመዘነ ተፈታኙ ራሱ ፈታኝ ሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ፈታኙ ባለጉዳዩ ይሁን፤ አቤቱታው የቀረበበትና መልስ ያገኘበት ቀን በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ ይለጠፍ።