የበገና ድምፅ እንዳይጠፋ ሊደረግ የሚገባው

በብራና ያልተጻፈ ቃል ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። አሜሪካዊው ኤዲሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1877 ዓመት ድምፅን የሚይዝ መኪና በሠራ ጊዜ፥ ከእንግዲህ ወዲህ የሚጠፋ ድምፅ አይኖርም የሚል ተስፋ ተነሥቶ ነበር። ነገሩ ግን እንደ ተስፋው አልሆነም።

እስከ 1925 ድረስ ድምፅ የሚቀረጸው ያለ ኤሌክትሪክ ነበር። ይኸውም ድምፁ በአፈ ሰፊ ቀንድ ገብቶ አንዲት ስስ ክዳን ያንቀጠቅጣል፤ ከእርስዋም ጋር የተያያዘው መርፌ ሰሙን ይጭራል። መርፌውን የሚገፋው የድምፁ ኃይል ብቻ ስለ ሆነ፥ የሚጮኸው ተይዞ ለስላሳው ይቀር ነበር። በጣት ከሚመቱት የክር መሣሪያዎች ውስጥ ሆዱ በቆዳ የተወጠረው ባንጆ ለመኪናው ተስማማ፤ ቬስ ኦስማን የተባለው ባንጆ መቺ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ብዙ ዜማ አስቀረጸ። የአንጀት ክር ያለው ጊታር ግን እንዲህ አልተመቸም። የፓራጓዩ አጉስቲን ባሪዮስ በ1910ዎቹ ሲያስቀርጽ የሚመታው የብረት ክር ነበር፤ የስፔኙ አንድሬስ ሴጎቪያም ሸክላ ማስቀረጽ የጀመረው ማይክሮፎን ከመጣ በኋላ፥ በ1927 ነው። እንግዲህ የዚያን ዘመን ሸክላ ብቻ ሰምቶ ባንጆ የከበረ፥ ጊታር የተናቀ ነበር ብሎ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል፤ መራጩ መኪናው ነበርና።

ይህን ማንሣታችን ስለ በገናችን ነው። ዐሥሩ አውታር ከአንጀት የተፈተለ፥ ድምፁ ዝቅ ያለ፥ በዐቢይ ጾም ለጸሎት የሚደረደር መሣሪያ በዚያ ቀንድ ፊት ቢቀርብ ኖሮ፥ በእንዚራው የሚሰማው እርግርግታ ከሰሙ ላይ በደኅና ባልተገኘ ነበር። የዛሬው መኪና ግን የሹክሹክታን ድምፅ እንኳ ይይዛል። ስለዚህ ከእንግዲህ የሚጠፋው ቢጠፋ ጥፋቱ የመኪና ሳይሆን የእኛ ነው።

መኪና ደቀ መዝሙር አያወጣም የሚሉ አባቶች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን መጽሐፍም ያለ መምህር አይበቃም፤ ስለዚህ መጻፍን አልተውንም። የባህል ሹማምንትና የቤተ ክርስቲያን አለቆች ተባብረው፥ አረጋውያኑን ደርዳሪዎች በየደብራቸውና በየቤታቸው ቢያስቀርጹ፥ የደርዳሪውን ስም፥ የመምህሩን ስም፥ አገሩንና የእያንዳንዱን አውታር ቅኝት አብረው ቢያስጽፉ፥ አንዱን ቅጂ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት፥ ሁለተኛውን በጉባኤ ቤት ቢያኖሩ መልካም ነው። ወጪው ጥቂት ነው፤ አረጋዊው ካረፈ በኋላ ግን በገንዘብ የሚገዛ አይሆንም።