በሙያተኛ የተዘረፈ ቅርስ በካድሬ ይጠበቃል?

በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የወጣው የእንግሊዝ ጦር መድፍና ዝሆን ብቻ አልነበረም ይዞ የመጣው። ሪቻርድ ሆልምስ የሚባል የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛም አብሮት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሰውተው ወታደሩ ግምጃ ቤቱን ሲበረብር፣ ይህ ሰው የትኛው ብራና፣ የትኛው ጽዋ ዋጋ እንዳለው እየለየ ይገዛ ነበር። ወደ 350 የሚጠጉ የብራና መጻሕፍት ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡት ከዚያ ዘረፋ ነው። ልብ በሉልኝ! ዘራፊው እንኳ ባለሙያ ይዞ ነው የመጣው። እኛስ የተረፈንን ለማን አስረክበናል?

ነገሩን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርኪዎሎጂና የቅርስ አስተዳደር ትምህርት ክፍል አለው። ልጆቻችን ዓመታት ደክመው ይመረቃሉ። ከዚያስ? ካነጋገርኳቸው ምሩቃን አንዱ ባንክ ቤት የሰው ገንዘብ ይቆጥራል፤ አንዷ ልብስ ትሸጣለች። ሙዚየም የገባውም ቢሆን ጎብኚ ከማዞር ያለፈ አንዳች የሚወስነው ነገር የለም። ወሳኙ ሌላ ነው። ወሳኙ ትናንት የከብት መኖ ጉዳይ ሲመራ የከረመ፣ ነገ ደግሞ ወደ ስፖርት የሚዛወር ተሿሚ ነው። ሁሉም እንዲህ ናቸው አልልም፤ ሙያቸውን አክብረው የሚሠሩ ኃላፊዎች አሉ። ግን እነሱም ቢሆኑ በዕድል የተገኙ እንጂ በሥርዓት የተመረጡ አይደሉም።

«ሙዚየም ለመምራት ምን ትምህርት ያስፈልጋል? በር መክፈትና መዝጋት አይደል እንዴ?» የሚሉ አይጠፉም። አይደለም! እያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር ሰጥቶ፣ ፎቶ አንስቶ፣ ስንጥቁን ሳይቀር መመዝገብ ትምህርት ነው። ብራናን የሚገድለው ብርሃንና እርጥበት ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ትምህርት ነው። ቅርስ ለኤግዚቢሽን ሲዋስ ውሉን ማዋዋል፣ የቴአትር ቤት ወንበር እንዳይራቆት ትኬቱንም ተዋናዩንም ማስተዳደር፣ ክረምት ሳይገባ ለጣሪያው በጀት መያዝ፣ ሁሉም ትምህርት ነው።

የትምህርቱን ጥቅም ማየት የፈለገ ላሊበላን ይይ። አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጂየም ድረስ ተሻገረ፤ ከስንት መከራ በኋላ ተመለሰ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ! በ2000 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለማዳን ተብሎ የብረት መጠለያ ተተከለ። ጊዜያዊ ነው ተባለ። በ2011 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ግን ሕዝቡ «መጠለያው ራሱ አደጋ ሆነ» ብሎ አደባባይ ወጣ። ማን ይከታተለዋል፣ መቼ ይነሳል፣ ወጪው ከየት ይመጣል ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ የቅርስ አስተዳደር ተማሪ ሀሁ ነው። ለተሿሚ ግን ሪባን ከተቆረጠ ነገሩ አለቀ።

ደግሞም ይህ ሙያ ከፈረንጅ የተበደርነው አይደለም። ቄሰ ገበዝ ማን ነው? የደብሩን ንብረት የሚጠብቅ ባለ አደራ አይደለም? አባቶቻችን የቤተ ክርስቲያኑን ንዋያተ ቅድሳት ዝርዝር በወንጌሉ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉ፣ የሰረቀውንም የፋቀውንም ያወግዙ ነበር። መዝገብም ተጠያቂነትም ነበረን ማለት ነው። የጎደለው ይህን ከዘመኑ ዕውቀት ጋር የሚያጋባ ነው።

አሁን ግን የምናጋባው ሕንፃን ከሪባን ጋር ሆኗል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ተመረቀ። ይሁን፣ እሰየው! በዚያው ዓመት ደግሞ ፒያሳ ላይ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፣ የትኛው ቅርስ ነው የትኛው አይደለም የሚለውን ክርክር የሰማነው ዶዘሩ ከገባ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ባለሙያ አስቀድሞ የሚሰማበት ወንበር ቢኖረው ኖሮ ክርክሩ ከዶዘሩ ይቀድም ነበር።

ስለዚህ እንዲህ እላለሁ። አንደኛ፣ የሙዚየምና የቴአትር ቤት ኃላፊነት በማስታወቂያ ይውጣ፤ የተማረውም ልምድ ያለውም ይወዳደር። ሁለተኛ፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪውን በንድፈ ሐሳብ ብቻ አይሸኙት፤ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ ይቃም፣ መዝገብ ይያዝ፣ ትኬት ይቁረጥ፣ በጀት ይሥራ። ሦስተኛ፣ የአገሪቱ ቅርስ ብዙው ያለው በየገዳሙና በየመስጊዱ ነውና ለእነዚያ ጠባቂዎች ባሉበት አጭር ሥልጠና ይሰጥ። ቄሰ ገበዙን አዲስ አበባ ጠርቶ አበል ከፍሎ መሸኘት ሥልጠና አይባልም።

ይህን ለማድረግ የሚጠይቀው ገንዘብ አንድ ሕንፃ ከማስገንባት አይበልጥም። የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ሹመትን ለታማኝ መሸለሚያ ማድረግን መተው። እሱ ነው የከበደው!

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ነው ነገሩ። መቅደላ ላይ የሄደውን መልሱልን እያልን በየአደባባዩ እንጮኻለን፤ ልክም ነን። ሊመልሱልን ሲነሱ ግን የሚጠይቁን አንድ ጥያቄ አለ፤ ማን ይረከባል?