ለደባርቅ ልጆች የጎደለው የቼዝ ሰሌዳ አይደለም

የተለመደው ነገር እንዲህ ነው። አንድ ለጋሽ አሥር የቼዝ ሰሌዳ ይዞ ይመጣል። ልጆች ተሰልፈው ፎቶ ይነሳሉ፣ ርዕሰ መምህሩ ያመሰግናል። ከወር በኋላ ሰሌዳዎቹ በቁም ሳጥን ተቆልፈዋል። «ቼዝ አስጀመርን» የሚለው ሪፖርት ግን ተልኳል።

ለደባርቅና ለዳባት ልጆች እንዲህ ዓይነት ማስጀመር ይቅርባቸው። ቼዝ የሚጀመረው ሰሌዳ ሲታደል ሳይሆን ውድድር ሲኖር ነው።

«ትምህርት ቤት በሚዘጋበት ጊዜ ስለ ቼዝ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አለ። ክርክሩ የሚናቅ አይደለም። ዳባት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጭና ላይ የደረሰውን አልረሳችም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ የቀጠለው ግጭትም በክልሉ ብዙ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። ግን ቼዝ ሜዳ አይፈልግም፣ ማሊያ አይፈልግም። ጠረጴዛ፣ ጣሪያና ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃዋል። ልጅነት ደግሞ ሰላም እስኪወርድ ቆሞ አይጠብቅም።

ሌላው «ሰንጠረዥ የአባቶቻችን ነው» ብሎ በኩራት ይቀመጣል። እውነት ነው። አጼ ልብነ ድንግል ተጫውተውታል። እቴጌ ጣይቱም ይችሉበት ነበር፤ የአባታቸው ወገን ደግሞ ከዚሁ ከሰሜን የደጃዝማች ውቤ ቤት ነው። ነገር ግን በሰንጠረዥ ሁለቱ ተጫዋቾች የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ፤ ይህም ወረራ ይባላል። ከዳር የቆመውም እንደ ልቡ ይመክራል። የዛሬው የቼዝ ውድድር ተቃራኒው ነው፦ ተመልካች ዝም ይላል፣ የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው፣ ሰዓት ይቆጥራል፣ በረጅም ጨዋታ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ይጻፋል። ይህን ልማድ ኩራት አያስተምርም። ተደጋጋሚ ውድድር ያስተምራል።

ውድድር ሲባል ግን ጥሎ ማለፍ አይሁን። አሥራ ስድስት ልጆች በጥሎ ማለፍ ቢገጥሙ ስምንቱ አንድ ጨዋታ ተሸንፈው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ከወቅን በእግሩ የመጣ ልጅ በሩብ ሰዓት ተሸንፎ ይመለሳል። ከዚያ ሁሉ የተገኘው 15 ጨዋታ ብቻ ነው። እነዚያኑ ልጆች በስዊዝ ሥርዓት ማጫወት ይቻላል። ማንም አይባረርም፤ በየዙሩ ተቀራራቢ ነጥብ ያላቸው ይገናኛሉ። አምስት ዙር፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 15 ደቂቃ። በሁለት ሰዓት ተኩል 40 ጨዋታ ይሆናል፣ የተሸነፈውም አምስቱን ሁሉ ይጫወታል። የሚያስፈልገው ስምንት ሰሌዳ ነው። የቼዝ ሰዓት ከሌለ በስልክ የሚጫን መተግበሪያ ይተካዋል። ሰዓቱም ሴቶቹ ልጆች ውኃ ከሚቀዱበት ጋር አይጋጭ። አለበለዚያ ጣይቱ የተጫወቱት ጨዋታ በአገራቸው የወንዶች ብቻ ሆኖ ይቀራል።

በኡጋንዳ ካትዌ መንደር ፊዮና ሙቴሲን ለቼዝ ኦሊምፒያድ ያበቃት ስጦታ አልነበረም። አሠልጣኟ ሮበርት ካቴንዴ ልጆቹን ገንፎ እያበላ፣ ሳይሰለች፣ በተደጋጋሚ ያጫውታቸው ነበር።

ከዚህ በላይ ያለው ግን የአንድ መምህር አቅም አይደለም። ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ለአንድ ልጅ ደረጃ የሚሰጠው ደረጃ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ አምስት ጨዋታ ሲያደርግ ነው። ዝቅተኛው ነጥብም ከየካቲት 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 1400 ሆኗል። የደባርቅ ልጅ እነዚያን ተጫዋቾች የት ያገኛቸዋል? ጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አዲስ አበባ ከ800 በላይ። በዛሬው መንገድ የትኛው ወላጅ ነው ልጁን የሚልከው?

ስለዚህ ልጁ ወደ ውድድሩ ሳይሆን ውድድሩ ወደ ልጁ ይምጣ። የኢትዮጵያ ቼዝ ፌዴሬሽን መንገዱ በተከፈተ ቁጥር ዳኛና ደረጃ ያላቸው ጥቂት ተጫዋቾች ወደ ደባርቅ ይላክ። ከመላ አገሪቱ ተማሪ የሚቀበለው ደባርቅ ዩኒቨርሲቲ አዳራሹን ይክፈት፤ ቼዝ የሚችሉ ተማሪዎቹንም ለልጆቹ ተጋጣሚ ያድርግ።

እስከዚያው ሥራው ቀላል ነው። የቁም ሳጥኑ ቁልፍ ከርዕሰ መምህሩ ኪስ ይውጣና በየሳምንቱ አንድ ከሰዓት ለሚቆም አንድ መምህር ይሰጥ። ፎቶው ይቅር።