ጉርሻው የት ይሞላ?

ትናንት ማታ ምን በላችሁ? «ሽሮ» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ስንት ግራም? እዚህ ላይ ሁላችንም ዝም እንላለን። አራት ሰው አንድ ትሪ ከቦ፣ አንዱ ቶሎ ቶሎ፣ ሌላው ቀስ እያለ፣ መሀል ላይ ጉርሻ ወዲያና ወዲህ እየተላለፈ የተበላን እንጀራ ማን በግራም ቆጠረው?

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን ጨው ላይ ስንት አዮዲን ይጨመር፣ ዱቄት ውስጥ የትኛው ቪታሚን ይግባ የሚሉት ውሳኔዎች ከሚመሠረቱባቸው መረጃዎች አንዱ ይኸው «ምን በላችሁ?» የሚል መጠይቅ ነው። ሰው በቀን ስንት ጨው እንደሚበላ ሳይታወቅ የአዮዲኑ መጠን እንዴት ይወሰናል?

ባለሙያዎች አዘውትረው የሚጠቀሙባቸው ሁለት መንገዶች አሉ። አንደኛው የ24 ሰዓት ትውስታ ነው። ጠያቂው ትናንት የበላችሁትንና የጠጣችሁትን አንድ በአንድ ያስቆጥራችኋል፤ ከዚያ ተመልሶ «ቡናው ስኳር ነበረው? ቆሎስ አልቀመሳችሁም?» እያለ የተረሳውን ያወጣል። ሁለተኛው የድግግሞሽ መጠይቅ ነው፤ የምግብ ዝርዝር ይዞ «ይህን በሳምንት ስንት ጊዜ ትበላላችሁ?» ይላል። የመጀመሪያው ዝርዝሩን በደንብ ይይዛል፣ ግን የአንድ ቀን ነገር ነው። ሁለተኛው ልማድን ያሳያል፣ ግን ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ምግብ እንዳልተበላ ይቆጠራል። ስለዚህ የሌላ አገር መጠይቅ ተርጉሞ ማደል አያዋጣም። በሶ፣ ቅንጬና ቆጮ «ሌሎች» በሚል ሳጥን ከታጨቁ የተለካው የእኛ ምግብ አይደለም።

ቀኑም ወሳኝ ነው። የአዋጅ አጽዋማትን የሚጾም የኦርቶዶክስ ምዕመን በዓመት ወደ 180 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ይርቃል። ዓርብ ቀን የበላውን ብቻ ከመዘገባችሁ ሥጋ የማይነካ ሰው ይመስላችኋል፤ የፋሲካን ዕለት ብቻ ከወሰዳችሁ ደግሞ ሌላ ሰው ታገኛላችሁ። በረመዳን «ምሳ ምን በላህ?» ብሎ የሚጀምር መጠይቅም አፍጥሩንና ሱሁሩን ሊስት ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ይሉኝታ ነው። በቀን አንዴ የበላ ሰው፣ ለማያውቀው ጠያቂ «ተመስገን፣ በልተናል» ብሎ ሊያልፍ ይችላል። መዝገቡ ላይ የሚሰፍረውም ያ ነው። የተራበው ሰው ከመረጃው ጠፋ፣ ከዕቅዱም ጠፋ ማለት ነው። ጠያቂው «ትናንት ምሳ በልታችኋል?» ከሚል «ከተነሳችሁ በኋላ መጀመሪያ አፋችሁ ያደረጋችሁት ምን ነበር?» ቢል እውነቱን ለማግኘት ይቀርባል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ከትሪው ላይ የራሳችሁን ድርሻ በእውነተኛ እንጀራ ለይታችሁ እንድታሳዩ ማድረግ፣ የተመዘነ እንጀራና ወጥ በፎቶ ማቅረብ፣ የጾምና የፍስክ ቀንን ለየብቻ መጠየቅ፣ ከዚያም በጥቂት ቤቶች ምግቡን በሚዛን መዝኖ መልሱ እውነት መሆኑን መፈተሽ ይቻላል። ይህ ጊዜም ገንዘብም ይፈጃል፣ እውነት ነው። አቅም ለሌለው አጭር መንገድም አለ፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ለሆነ ሴቶች የተዘጋጀው መለኪያ ምግብን በ10 ምድብ ከፍሎ፣ ባለፈው አንድ ቀን ከ5ቱ በላይ ወይም 5ቱን ያገኙት ስንት እንደሆኑ ብቻ ይቆጥራል። ግራም አይጠይቅም። ግን ብረቱ ስንት ነበር ብትሉት አይመልስም።

ስልካችሁ ላይ ካሎሪ የሚቆጥር አፕ ካለ «ፍርፍር» ብላችሁ ፈልጉ። ቁጥር ካመጣላችሁ ደግሞ የማን ቤት ፍርፍር እንደሆነ፣ ዘይቱ ስንት ማንኪያ እንደነበር ጠይቁት። አፕ የምትሠሩ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ የቀረ ሥራ ነው። ሥነ ምግብ የምትማሩም መጠይቁን ከመተርጎማችሁ በፊት ማዕድ ቤት ግቡና እናቶችን ጠይቁ። ሌሎቻችን ደግሞ ጠያቂ በራችንን ሲያንኳኳ የበላነውን እንደበላነው፣ ያልበላነውንም እንዳልበላነው እንንገረው።